የእማማ የኩል ብልቃጥ

ቤታችንን የረገጠ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀን ስለ መደርደሪያው ነው። በአምባ ጊዮርጊስ የምንኖርባት ቤት ባለ ሁለት ክፍል ናት። በአንደኛው ክፍል ለመጻሕፍት ብለን ያሠራነው የእንጨት መደርደሪያ አለ። ከመጻሕፍቱ ይልቅ ሰፊውን ቦታ የያዙት ግን አሮጌ ዕቃዎች ናቸው፤ የሽቶ ብልቃጦች፣ ብርሌዎች፣ የቀለም ጠርሙሶችና አንገተ ጠባብ የሸክላ ዕቃዎች። ጎረቤቶቻችን «መምህር ባዶ ጠርሙስ ያጠራቅማሉ» እያሉ ይስቃሉ። ተማሪዎቻችንም ይህን ዐመላችንን ስለሚያውቁ ከአያቶቻቸው ጓዳ ያገኙትን ብልቃጥ በደብተር ቦርሳቸው ይዘው ይመጡና «ይሄ ይሆንዎታል?» ይሉናል። እኛም አስቀድመን የምንጠይቃቸው «እናታችሁ ያውቃሉ ወይ?» ብለን ነው። ቤተሰብ ሳያውቅ የመጣ ዕቃ ወደመጣበት ይመለሳል።

ውድ አንባቢያን፣ አሮጌ ዕቃ መሰብሰብ የሀብታም ጨዋታ ይመስላል። እኛ ግን ሀብታም አይደለንም። ካለን ስብስብም በገንዘብ ተገምቶ የሚያኮራ ዕቃ የለም። አንድ ነበረን፤ እሱም ዛሬ የለም። «ከሁሉ የምትሳሱለት የትኛው ነው?» ብለው ሲጠይቁን የምናሳያቸው ዕቃ ደግሞ ሰውን ሁሉ ያስገርማል። ምክንያቱን ለመናገር የሦስት ዕቃዎችን ታሪክ ማውሳት ግድ ይለናል፤ የሸክላውን፣ የመስተዋቱንና የብሩን። ሦስቱም የአያታችን የእማማ ነበሩ።

ሸክላው

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በደባርቅ መንገድ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ገና ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ወለቃ የምትባለውን መንደር ያልፋል። በወለቃ ለብዙ ዘመን ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩ ነበር። ወንዶቹ በብረት ሥራ፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ። ሴቶቹ ጭቃውን ያለ መሽከርከሪያ በእጃቸው ብቻ ያበጁታል፤ በለስላሳ ጠጠር ያለሰልሱታል፤ ከደረቀ በኋላ ሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት ይተኩሱታል። እሳቱ ሁሉንም ጎን እኩል ስለማያገኘው አንዱ ጎን ቀላ፣ ሌላው ጠቆር ብሎ ይወጣል። በዚህ የተነሣ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ዕቃዎች አይገኙም።

እማማ በወጣትነታቸው ከአንዲት የወለቃ ሸክላ ሠሪ አንዲት ዕቃ ገዝተው ነበር። ቅርጿ ጀበና ይመስላል፤ ሆዷ ክብ፣ አንገቷ ጠባብ፣ እጀታዋ አንድ ነው። ነገር ግን ቡና ተፈልቶባት አያውቅም። የውዱእ ውኃ መያዣቸው ነበረች። የወገራ ብርድ በሚበረታበት ወቅት ለሱብሒ ሶላት ውኃውን ከምድጃው ዳር ለብ አድርገው ይዘው ይወጣሉ። አንገቷ ጠባብ ስለሆነ ውኃው በቀጭኑ ይወርዳል፤ አይባክንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውኃ፣ ማለትም ሁለት መዳፍ ተገጥሞ በሚታፈስ መጠን፣ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር የተማርነው በመድረሳ ነው። በዓይናችን ያየነው ግን በእማማ እጅ ነው።

በእጀታዋ ሥር የሠሪዋ የአውራ ጣት አሻራ እስከ ዛሬ ይታያል። ከቤተ እስራኤላውያኑ ከፊሎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ብዙዎቹ ደግሞ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። የእማማ ወዳጅም ከሄዱት አንዷ ነበረች። ከዚያ በኋላ እማማ ያችን ዕቃ ሌላ ሰው እንዲነካት አይፈቅዱም ነበር። «ሠሪዋ የለችም። ብትሰበር ማን ይተካልኛል?» ይሉን ነበር።

በዚያን ዘመን ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» ማለት የተለመደ ነበር። ቀጥቃጩም፣ ፋቂውም፣ ሸማኔውም በየስሙ ይናቅ ነበር። የእማማ ወንድሞች ሸማኔዎች ስለነበሩ ስድቡን ያውቁታል። እኛ ልጆቹ ከመንደር የለቀምነውን ስድብ ይዘን ስንገባ «የሰው ልጅስ ከምን ተሠራ?» ብለው ይጠይቁን ነበር። ሰው ሸክላን ከሚመስል ደረቅ ጭቃ መፈጠሩ በሱረቱ ራሕማን እንደተነገረ ኋላ ስንቀራ የእማማ ጥያቄ ትዝ አለን።

ብርሌው

ሁለተኛው ዕቃ ብርሌ ነው። «በሙስሊም ቤት ብርሌ ምን ይሠራል?» የሚል እንግዳ አይጠፋም። ብርሌ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ጠጅን ነውና። በእማማ ቤት ግን ብርሌው የብርዝ ዕቃ ነበር። ማሩ በውኃ ይበጠበጣል፤ ጌሾ አይገባበትም፤ ሳያድር በዒድ ቀን ለእንግዳ ይቀዳል። ጥፋቱ የሚቀዳው ነገር እንጂ የመስተዋቱ አይደለም።

ብርሌው የመጣው ከእማማ አባት ነው። እሳቸው ከጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ነጋዴዎች አንዱ ነበሩ። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 ጎንደር ላይ የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወስኖ ነበር። የርስት መሬት ያልነበራቸው የጎንደር ሙስሊሞች ኑሯቸውን በንግድና በሽመና ላይ መሠረቱ። ከምጽዋ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ ሱዳን በሚዘልቀው የሲራራ ንግድ ትልቁን ድርሻ የያዙት እነሱ ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በምጽዋ በኩል ከባሕር ማዶ ይገቡ ከነበሩት ዕቃዎች አንዱ የመስተዋት ብርሌ ነው። መኳንንቱ በግብር ላይ ጠጅ የሚጠጡበትን ብርሌ ይዘው ከሚመጡት መካከል ጠጅ የማይቀምሱት ነጋዴዎች እንደነበሩበት ስናስብ ፈገግ ያሰኘናል።

ነገሩ ከዚያም የቆየ ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. በግሪክኛ የተጻፈ የቀይ ባሕር ንግድ መምሪያ፣ በአዱሊስ ወደብ ይራገፉ ከነበሩት ዕቃዎች መካከል መስተዋትንና ለንጉሡ የሚቀርቡ የወርቅና የብር ዕቃዎችን ይቆጥራል። መስተዋትና ብር በዚህ አገር የትናንት እንግዶች አይደሉም።

«ጠርሙስ አሮጌ ይሁን አዲስ በምን ይታወቃል?» ብለው ለሚጠይቁን ወጣቶች ሦስት ምልክት እንነግራቸዋለን። በአፍ ተነፍቶ የተሠራ መስተዋት ወደ ብርሃን ሲያዩት ብዙ ጊዜ በውስጡ ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ይታያሉ። ቂጡን ሲገለብጡት ሠራተኛው ይዞበት የነበረው ብረት የተላቀቀበት ጠባሳ ይገኛል። በመኪና የተሠራ ጠርሙስ ግን በጎኑ ላይ ከታች ተነሥቶ እስከ ከንፈሩ የሚወጣ እንደ ስፌት ያለ ስስ መስመር አለው። ጠርሙስን ከመነሻ እስከ መድረሻ በመኪና ለመሥራት የሚያስችለው መሣሪያ በአሜሪካዊው ማይክል ኦወንስ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። የእማማ ብርሌ አረፋውም ጠባሳውም አለው፤ መስመሩ የለበትም። አንባቢ ይህን መስመር ያስታውስልን፤ እንመለስበታለን።

ብሩ

ሦስተኛው የኩል ብልቃጥ ነበር። ከብር የተሠራ፣ ቁመቱ ከአንድ ጣት የማይበልጥ፣ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ፣ መኳያው ከክዳኑ ጋር የተያያዘ ነው። ለእማማ ሠርግ ተብሎ በጎንደር አንጥረኛ እጅ ከጠገራ ብር ተቀልጦ ተሠራ። ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበትን፣ በየትኛውም ዘመን ቢመታ 1780 የሚል ዓመት የሚጻፍበትን ገንዘብ ነው። አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በአገራችን ለረጅም ዘመን መገበያያም፣ የአንጥረኛ ጥሬ ዕቃም ሆኖ ኖሯል።

ዕድሜያችን 15 ገደማ ሳለ ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ማታ በመድረሳ እንማር ነበር። በዚያ ዓመት የሻፊዒይ ፊቅህ ስንቀራ ስለ ዕቃዎች ከሚናገረው ምዕራፍ ደረስን። በወርቅና በብር ዕቃ መብላትና መጠጣት ለወንድም ለሴትም በሐዲስ እንደተከለከለ ተማርን። ኢማም ነወዊ የሙስሊምን የሐዲስ መድበል ሲያብራሩ ክልከላው ትንሹንም ትልቁንም ዕቃ እንደሚያካትት፣ የኩል ብልቃጡንና መኳያውንም ለይተው እንደጠቀሱ ኡስታዛችን ነገሩን። ይህን ስንሰማ ልባችን ዘለለ። በቤታችን የምናውቀው ዕቃ በኪታብ ተጠቅሶ ተገኘ!

ዕለቱ የዐረፋ በዓል ዋዜማ ነበር። ሮጠን ቤት ስንገባ እማማ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቡና ላይ ናቸው። ለበዓሉ እየተኳሉ ነበር። አንዱን ዓይን ጨርሰው መኳያውን ወደ ሁለተኛው ሊወስዱ ሲሉ፣ «እማማ፣ ይሄ እኮ ሐራም ነው! እሳት ነው የሚኳሉት!» አልናቸው። ጮኽ ብለን፣ በሰው ፊት።

ሴቶቹ ዝም አሉ። የእማማ እጅ ባለበት ቆመ። «ኪታቡ እንዲህ ይላል?» አሉን ቀስ ብለው። «አዎን፣ ስሙን ጠርቶ!» አልን። «እንግዲያስ በቃ» አሉና መኳያውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ብልቃጡን ከደኑት። ያን ማታ አንድ ዓይናቸው ተኩሎ፣ አንዱ ሳይኳል አመሹ።

በማግሥቱ ከዒድ ሶላት ስንመለስ እማማ ሁለቱንም ዓይናቸውን ተኩለው ጠበቁን። ኩሉን ከብሩ ብልቃጥ አውጥተው፣ ቀደም ሲል ከጤና ጣቢያ መርፌ ሲወጉ ባስቀሯት የፔኒሲሊን ብልቃጥ ውስጥ ጨምረውት ነበር። ብልቃጧን በፈላ ውኃ አጥበው፣ የላስቲክ ክዳኗን መልሰው፣ ከተላገ እንጨት መኳያ አበጅተውላታል። የብሩ ብልቃጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ገባ። ከሠርጋቸው ጀምሮ ከእጃቸው ያልተለየውን ዕቃ ለመተው አንድ ሌሊት እንኳ አላሳደሩም።

ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልወቀሱንም። አንድ ነገር ግን ተለወጠ። ቀድሞ ማታ ማታ ኪታባችንን ስንቀራ ከአጠገባችን ቁጭ ብለው ያዳምጡን ነበር። ያልገባቸውን ይጠይቁናል፤ የገባቸውን ለጎረቤት ይነግራሉ። ከዚያ ወዲህ ኪታብ ስንገልጥ «ሥራ አለብኝ» እያሉ ወደ ጓዳ ይገቡ ጀመር። እኛም ሥራ አለባቸው ብለን አመንን። ከሁለት ዓመት በኋላ መምህርነት ልንማር ጎንደር ወርደን ሳለን ወደ አኺራ ሄዱ። አላህ ይማራቸው። ዐፍው ሳንባባል ቀረን።

ሸኻችን የጠየቁን ጥያቄ

ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ የጥንት ዕቃ ገዢ ከከተማ መጣ። እናታችን ሣጥኑን ከፍታ የብሩን ብልቃጥ ስታሳየው ሰውየው ዓይኑ በራ። የሦስት ወር ደመወዛችንን የሚያህል ገንዘብ ጠራና «እናቴ፣ ለፈረንጅ ነው የምሰጠው፤ ከዚህ አገር ማንም በዚህ ዋጋ አይገዛዎትም» አላት። እኛ ደግሞ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑን እናውቃለን። እናታችን ሰውየውን አሰናብታ «ሸኻችንን ሳንጠይቅ አንዳች አናደርግም» አለች።

ሸኻችን ብልቃጡን በመዳፋቸው ላይ እያገላበጡ አዳመጡን። ብር በራሱ የተጠላ ነገር እንዳልሆነ፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጠጫ በተሰነጠቀ ጊዜ ስንጥቁ በብር መጠገኑን ቡኻሪ መዘገባቸውን አስታወሱን። በብር ዕቃ መጠቀሙ ግን የተከለከለ ነው። ሳይጠቀሙበት ማኖሩን በተመለከተ ሊቃውንቱ ተለያይተዋል፤ ሐነፊዮች ይፈቅዳሉ፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ሚዛን የሚደፋው ግን ማኖሩም አለመፈቀዱ ነው። ለሴት የብር ጌጥ ማድረግ የተፈቀደ ስለሆነ ቀልጦ ጌጥ ቢሆን ችግር እንደሌለበት ነገሩን። እናታችን «ዘካስ ኖሮበት ይሆን?» ብላ ጠየቀች። የብር ኒሷብ 595 ግራም መሆኑንና ይህ ብልቃጥ የዚያን አንድ አሥረኛ እንኳ እንደማይሞላ ነግረው አረጋጓት።

ከዚያ ወደ እኛ ዘወር ብለው «ጥያቄያችሁ ስለ ብሩ ብቻ ነው?» አሉን። እኛም ያን የዐረፋ ዋዜማ አንድ በአንድ ነገርናቸው። ዝም ብለው ቆዩና በመስጊድ ውስጥ ሽንቱን የሸናውን የገጠር ሰው ታሪክ አነሡልን። ሶሓቦች ሊጮኹበት ሲነሡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲተዉት ነግረው፣ በሽንቱ ላይ አንድ ባልዲ ውኃ አስፈሰሱበት። «ጥፋቱ ጥፋት ነበር፤ ታጥቧል። ሰውየው ግን አልተሰበረም። እናንተ ሕጉን አልተሳሳታችሁም፤ ብልቃጡን አድናችሁ ሴትየዋን ሰበራችኋት» አሉን። ዱዓእ እንድናደርግላቸው፣ በስማቸውም ሶደቃ እንድንሰጥ መከሩን።

በቤታችን ለብዙ ቀን ተመካከርን። እኛ ሰብሳቢዎች ነንና ልባችን ዕቃው እንዲተርፍ ይፈልግ ነበር፤ ከሊቃውንቱም የሚፈቅዱ አሉ። እናታችን ግን «እማማ ትተውታል። እሳቸው የተዉትን እኛ ምን ብለን እናኖረዋለን? ለልጅ ልጆቻቸው ጌጥ ይሁን» አለች። መልስ አልነበረንም። ብልቃጡን ለካነው፤ መዘነው፤ ሐረጉን በወረቀት ላይ ነደፍነው፤ ፎቶግራፍ አነሣነው። 54 ግራም ሆነ። ከሁለት ጠገራ ብር እንደተሠራ ከክብደቱ ገመትን። ጎንደር ወስደን ለአንጥረኛ ስንሰጠው «እንዲህ ያለ እጅ ዛሬ የለም፤ ደግማችሁ አስቡበት» አለን። ልንመልሰው ተቃርበን ነበር። በኋላ ግን እሳቱ ላይ ሲወጣ፣ መጀመሪያ ሲጠቁር፣ ከዚያም እንደ ውኃ ሲያበራ ቆመን አየን። ሁለት ቀጫጭን አምባሮች ሆነ። ዛሬ በሁለት ልጃገረዶች እጅ ላይ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬ ያንገበግበናል። አንድ ጊዜ ሐረር ሄደን አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ያቋቋሙትን ሙዚየም ጎብኝተን ነበር። እኒህ ሰው የከተማቸውን ኪታቦች፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦችና የቤት ዕቃዎች ለዓመታት ሲሰበስቡ ኖረው፣ መጀመሪያ በገዛ ቤታቸው ያሳዩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ስብስባቸው ራስ ተፈሪ ኖረውበታል በሚባለው ቤት ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። ከመስተዋቱ ፊት ቆመን «የእማማ ብልቃጥ እዚህ ሊቆም ይችል ነበር» ብለን አሰብን። የአምባሮቹን ድምፅ ስንሰማ ደግሞ እናታችን ልክ ነበረች እንላለን። ሁለቱም ሐሳብ ከእኛ ጋር ይኖራል።

የቀረችው

እንግዲህ በመደርደሪያችን ላይ ከሁሉ የምንሳሳላት ዕቃ ያች የፔኒሲሊን ብልቃጥ ናት። ከብሩ ብልቃጥ ጎን፣ በዚያው ሣጥን ውስጥ አገኘናት። በመኪና የተሠራች ናት፤ የአየር አረፋ የላትም፤ በቂጧ ላይ ጠባሳ የለም። እኛ ለወጣቶች በምናስተምረው መለኪያ ዋጋ የላትም፤ እንደሷ ያሉት ተወግተው ሲያበቁ ይጣላሉ። በውስጧ ግን ከእማማ ኩል ጥቂት ጥቁር ትቢያ ቀርቷል። አንዲት ያልተማሩ ሴት የሚወዱትን ዕቃ ለአላህ ብለው በአንድ ሌሊት እንደተዉ የምትመሰክር እሷ ናት። የእኛንም አንደበት የምትመሰክር እሷው ናት።

ውድ ወጣቶች፣ አሮጌ ዕቃ ለመሰብሰብ የምትሹ ካላችሁ ከዕቃው በፊት ታሪኩን ሰብስቡ። ማን ሠራው? ማን ሰጠው? ምን ይቀዳበት ነበር? ይህን የሚመልሱት አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። ብርሌው ይቆያል፤ ጠያቂ ያላገኘ ታሪክ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ዛሬ በመድረሳ ልጆች ስናስቀራ ስለ ዕቃዎች የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ብልቃጧን ከቤት ይዘን እንሄዳለን። ሕጉን እንዳለ እናስተምራለን፤ አንሸራርፍም። ከዚያ ብልቃጧን ከልጅ ወደ ልጅ እናዞራለን። አንጀሻ የተባለው ነጂ ሴቶች የተሳፈሩባቸውን ግመሎች ሲያፈጥን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሴቶቹን በመስተዋት ዕቃ መስለው ቀስ እንዲል እንደነገሩት እናወሳላቸዋለን። ልጆቹ ብልቃጧን ሲቀባበሉ እንዳትወድቅ በሁለት እጃቸው ይይዟታል። «ዛሬ የተማራችሁትን ወደ ቤታችሁ ስትወስዱ እንዲሁ ያዙት» እንላቸዋለን።